ዘር ከልጓም የሚስበው እስከ ስንት ትውልድ ነው? ስለ ትልቅ አውሬ አዳኝ ውሾች አመራረጥ የተሰጠ ምላሽ

«ዘር ከልጓም ይስባል» ከሚለው አባባል ተነሥቶ፣ በአሜሪካ ድብና ፑማ (የተራራ አንበሳ የሚባለውን ትልቅ የዱር ድመት) በውሻ ለማደን ለሚፈልጉ ሰዎች የውሻ ዘር አመራረጥን የሚያስረዳ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቷል። ጸሐፊው በአማርኛ እምብዛም ያልተነካ ጉዳይ ማንሣታቸው ያስመሰግናቸዋል። ምክራቸውን አምኖ ውሻ የሚገዛ ወይም የሚያዳቅል ሰው ግን ገንዘቡንና ዓመታቱን ያጣል፤ ውሾቹም በድብ መዳፍ ሥር ሊያልቁበት ይችላሉ። ስለዚህ የጽሑፉን ዋና ዋና ነጥቦች አንድ በአንድ እያነሣን እንመልሳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ለድብ ከፕሎት ሌላ ውሻ የለም»

ጽሑፉ ፕሎት ሃውንድን ብቸኛው የድብ ውሻ ያደርግና ትሪይንግ ዎከርን፣ ብሉቲክን፣ ሬድቦንን፣ ኢንግሊሽንና ብላክ ኤንድ ታንን የተባሉትን ሌሎች አዳኝ ዘሮች «የራኩን (ዛፍ የሚወጣ ትንሽ የአሜሪካ አውሬ) ውሾች» ብሎ ያልፋቸዋል። የፕሎት ታሪክ የሚያኮራ መሆኑ እውነት ነው። ዮሐንስ ፕሎት የተባለ ወጣት በ1750 ገደማ ከጀርመን ውሾቹን ይዞ ወደ ሰሜን ካሮላይና እንደመጣ ይነገራል። ዘሮቹም በሄይዉድ ካውንቲ ተራሮች በእነዚያ ውሾች ልጅ ልጆች ድብ ሲያድኑ ኖረዋል። ዩናይትድ ኬነል ክለብ የተባለው የአሜሪካ የውሻ ዘር መዝጋቢ ድርጅት በ1946 ዘሩን መዘገበ፤ በ1989 ደግሞ ፕሎት የሰሜን ካሮላይና ይፋዊ ውሻ ሆነ። ሌሎቹ ዘሮች በአብዛኛው ከቀበሮ አዳኝ ውሾች ሲወርዱ ፕሎት ከዚያ ግንድ ውጭ መሆኑም ትክክል ነው።

ይህ ሁሉ ግን የዘሩ ታሪክ እንጂ የቡችላው ማስረጃ አይደለም። ዛሬ «ፕሎት» ተብሎ ከሚሸጠው ውሻ ውስጥ ለብዙ ትውልድ ድብ አይቶ የማያውቅ፣ ለራኩን ውድድር ወይም ለውበት ትርኢት ብቻ የተዳቀለ መስመር (በአንድ ዘር ውስጥ ያለ የትውልድ ሐረግ) አለ። በሌላ በኩል በምዕራቡ አሜሪካ ፑማና ድብ የሚያባርሩ መንጋዎች በዎከር የተሞሉ ናቸው፤ ዎከር ፈጣን ነው፣ አውሬው የወጣበትን ዛፍ ቶሎ ለይቶ እዚያው ይቆማል። ደረቅና ድንጋያማ በሆነው ደቡብ ምዕራብ ደግሞ የቆየ ፈለግ በትዕግሥት የሚፈታው የብሉቲክ ደም ይፈለጋል። ሥራቸው ይህ የሆነ ብዙ አዳኞች ፕሎትን ከዎከር እያዳቀሉ ነው የሚጠቀሙት። በአንድ ዘር ውስጥ ባሉ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት በሁለት ዘሮች መካከል ካለው ይሰፋል። የፀጉሩ ቀለም ወላጆቹ ምን አውሬ፣ በምን ዓይነት መሬት፣ ስንት ወቅት እንዳባረሩ አይናገርም።

ስለ ሰውነት አንድ ነገር እንጨምር፤ ጽሑፉ «ግዙፍ ይሁን» ብሎ አልፎታልና። የፕሎት ወንድ በተለመደው መለኪያ ከ23 እስከ 27 ኪሎ ነው፣ ሴቷ ከ18 እስከ 25። ይህ ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ይሁንና ሠላሳ አምስት ኪሎ የሆነ ውሻ ዳገት ላይ ቶሎ ይሞቃል፣ ድብ ሲዞርበትም ለማምለጥ ይዘገያል። የሰውነቱ ሙቀት ከ41 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ደግሞ ጉዳዩ የአደን መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ይሆናል። ከክብደት ይልቅ እግሩን ይመልከቱ፦ ጣቶቹ የተሰበሰቡ፣ የመዳፉ ሥጋ ወፍራም፣ ትከሻው ወደ ኋላ ዘንበል ያለ። የተዘረጋ ጣት ያለው ውሻ በድንጋያማ መሬት በሁለተኛው ቀን ያነክሳል፤ መዳፉ ይላጣልና።

«በዘር ወረቀቱ ላይ ታላቅ ስም ካለ ዓይን ጨፍኖ መግዛት ነው»

ከጽሑፉ ሁሉ በብዛት ሰው የሚያሳስተው ይህ ነው። ጸሐፊው በአምስተኛው ትውልድ ላይ አንድ ዝነኛ ውሻ ከተገኘ «ደሙ አለበት» ይላሉ። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። ቡችላው ከአባቱ ግማሹን ይወርሳል። ከአያቱ በአማካይ 25 በመቶ፣ ከቅድመ አያቱ 12.5 በመቶ ይደርሰዋል። በአምስተኛው ትውልድ 32 ስሞች አሉ፤ ዝነኛው ከነዚያ አንዱ ነው፣ ድርሻውም በአማካይ 3.1 በመቶ ገደማ። ያውም በአማካይ ነው፤ ከወላጅ አልፎ ወደ ላይ ሲኬድ እውነተኛው ድርሻ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ዘር ከልጓም ይስባል፤ በአምስተኛው ትውልድ ላይ ያለ አንድ ስም ግን የሚስብበት ጉልበት የለውም። ስሙ በወረቀቱ ላይ አራትና አምስት ጊዜ ከተደጋገመ ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜም ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል፣ ወደ በኋላ እንደርስበታለን።

ጽሑፉ ማዕረግንም እንደ ዋስትና ይቆጥራል። «ናይት ቻምፒዮን» የሚባለው ማዕረግ የሚገኘው በሌሊት የራኩን ውድድር ነው። በዩናይትድ ኬነል ክለብ ደንብ እስከ አራት ውሾች አብረው ይለቀቃሉ፤ ጊዜው በተለምዶ ሁለት ሰዓት ነው። ፈለግ አንሥቶ መጀመሪያ የጮኸው 100 ነጥብ ያገኛል፣ ተከታዮቹ 75፣ 50ና 25። አውሬው የወጣበትን ዛፍ ይዞ መጀመሪያ የተመዘገበው 125 ያገኛል፣ ተከታዮቹ 75፣ 50ና 25። ይህ አቆጣጠር ማንን እንደሚሸልም አስተውሉ፦ ቶሎ የሚጮኸውን፣ ቶሎ ዛፍ የሚይዘውን፣ ትኩስ ፈለግ ላይ የሚፈጥነውን። ጥቁር ድብ በቀዝቃዛ ቀን ገደል ለገደል ለሰዓታት ይሄዳል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚመጣውን ጽናት ውድድሩ አይለካውም፤ በአውሬ ፊት የሚያስፈልገውን ልብም እንዲሁ። ማዕረጉ ለራኩን አዳኝ ትልቅ ነገር ነው፤ ለድብ አዳኝ ግን ከጎን የሚታይ ወሬ ነው።

ታዲያ ምን ይጠየቅ? በመጀመሪያ አባትና እናት፤ ሁለቱም ሲሠሩ በዓይን ታይተው። እናቲቱን ሳያዩ አባቱን ብቻ አይቶ መግዛት የተለመደ ስሕተት ነው፤ እሷ ግማሹን ከመስጠቷም በላይ ቡችሎቹን እስከ ስምንተኛ ሳምንት የምትቀርጸው እሷ ናት። ቀጥሎ የወላጆቹ ወንድምና እኅቶች፦ አንድ ድንቅ ውሻ ከሰባት ደካማ ወንድሞች መካከል ከወጣ ችሎታውን ለልጆቹ ማስተላለፉ ያጠራጥራል፤ ከስምንት ወንድማማቾች ስድስቱ ጥሩ ከሆኑ ግን መካከለኛው እንኳ የተሻለ አባት ሊወጣው ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ደግሞ ከዚህ በፊት የተወለዱት ልጆች ናቸው። ሻጩ ያንኑ ጥንድ ከዚህ በፊት አዳቅሎ ከሆነ የቀድሞዎቹን ቡችሎች ገዢዎች በሙሉ ስልክ ጠይቁና ለሁሉም ደውሉ። ጥያቄውም «ጥሩ ናቸው?» አይሁን። ስንት ቡችላ ተወለደ? በሦስት ዓመቱ ስንቱ አሁንም ያድናል? ስንቱ ተሸጠ፣ ስንቱ ተሰጠ፣ ስንቱ ሞተ፣ በምን? ሻጭ የሚያወራው ስለ ሁለቱ ጎበዞች ነው፤ እውነቱ ያለው በስድስቱ ዝምታ ውስጥ ነው። ቁጥሩን ሊሰጥ የማይፈልግ አርቢ መዝገብ የለውም፣ ወይም መዝገቡ አያስደስተውም።

«አፍንጫው የቆየ ፈለግ ባነሣ ቁጥር ይሻላል»

አዳኞቹ «ኮልድ ኖዝ» የሚሉት፣ ብዙ ሰዓት ያለፈውን ፈለግ የማንሣት ችሎታ ነው። ጽሑፉ ይህን እንደ ወርቅ ንጥረት ይመዝነዋል፦ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ልክ አይደለም፤ መሬቱና አውሬው ይወስናሉ።

በኮሎራዶ ወይም በሞንታና በረዶ ላይ ፑማ የሚያድን ሰው ዱካውን በራሱ ዓይን ያየዋል። ውሻው የሚጠበቅበት የታየውን ፈለግ በፍጥነት ይዞ አውሬውን ዛፍ ማስወጣት ነው። ፑማ አጭር ሩጫ እንጂ ረጅም አይችልም፤ ፈጣን ውሻ ከደረሰበት ቶሎ ዛፍ ይወጣል። በአሪዞና ደረቅ ድንጋይ ላይ ግን ዱካ አይታይም፤ ውሻው ትናንት ማታ ያለፈውን አውሬ ጠረን ቅጠል ለቅጠል እየለቀመ መፍታት አለበት፤ እዚያ እንዲህ ያለ አፍንጫ ከሌለ አደን የለም። ለድብ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ችሎታ አለ፦ በመኪና ጣሪያ ወይም በጭነት ሳጥን ላይ ቆሞ፣ መንገዱን ቀስ ብለው ሲነዱ፣ ድቡ ያለፈበትን ከነፋስ ማሽተት። ይህ መሬት ላይ አፍንጫ ደፍቶ ከመከተል የተለየ ነው፤ በአንደኛው የተካነ ውሻ በሌላኛው ምንም ላይሆን ይችላል።

የቆየ ፈለግ የሚያነሣ ውሻ ጉዳትም አለው። አሥራ ሁለት ሰዓት ያለፈው ፈለግ ላይ ሲጮህና ሲዞር የሦስት ሰዓቱ ያመልጣል። ጠረኑ ሲሳሳ ደግሞ አውሬው ወደ ሄደበት ሳይሆን ወደ መጣበት የመከተል ስሕተት ይበዛል፤ መንጋውን ሁሉ ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያነሣውን ፈለግ ሊያራምድ የማይችል አፍንጫ ጥቅም የለውም። መለካት ያለበትም ፈለጉን ማንሣቱ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ያራምደዋል የሚለው ነው። አንገቱ ላይ ያለው ጂፒኤስ ይህንን ይመዘግባል።

አፍንጫ እንዴት ይፈተናል? ጽሑፉ አልነገረንም፤ እኛ እንናገር። ማታ አፈር ወይም በረዶ ያለበትን የጫካ መንገድ ከመኪና ጀርባ በሚጎተት ጎማ ወይም ቅርንጫፍ ጥረጉት፤ አሮጌው ዱካ ይጠፋል። ጧት ከመንጋቱ በፊት መንገዱን ተመልሳችሁ ስትነዱ የምታገኙት ዱካ ከተጠረገበት ሰዓት ወዲህ ያለ ነው፤ የዕድሜው ጣሪያ ታወቀ ማለት ነው። የሚፈተነውን ውሻ ብቻውን በገመድ ይዛችሁ አቅርቡት፤ ሌላ ውሻ ካለ የማን አፍንጫ እንደሆነ አይለይም። ሦስት ነገር ጻፉ፦ ፈለጉን ለማንሣት ስንት ጊዜ ወሰደበት፣ የጣቶቹ ምልክት በሚያሳየው አቅጣጫ ሄደ ወይስ ተቃራኒውን፣ ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ አሁንም ይዞታል ወይ። የሙቀቱን መጠን፣ ነፋሱንና የመሬቱን እርጥበት ከጎኑ መዝግቡ። የአውሬ ጠረን ከቆዳው ከሚረግፈው ቅንጣት፣ ከወዙና ከተረገጠው ሣርና አፈር የሚመጣ ነው፤ እርጥበት ያቆየዋል፣ ፀሐይና ነፋስ ይበትኑታል። መሬቱ ክፉኛ በበረደ ጊዜ ጠረኑ አይነሣም፤ ጧት ሲሟሟ ይነሣና ፀሐይ ስትበረታ ይጠፋል። በአንድ ቀን የወደቀ ውሻ አይፈረድበትም፤ አምስትና ስድስት ቀን የተለያየ አየር ይፈልጋል።

የድምፅ ነገርም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ፈለግ ላይ ረጅም ጩኸት እየሳበ፣ ዛፍ ሥር ሲደርስ ወደ አጭርና ተከታታይ ጩኸት የሚለወጥ ውሻ በሩቅ ላለው ጌታው ምን እየሆነ እንደሆነ ይነግረዋል። ፈለግ በሌለበት የሚጮህ ውሻ ግን የመንጋ መርዝ ነው፤ ሌሎቹ አምነውት ይሮጣሉ፣ ውለው አድረው ሁሉም ውሸት ይማራሉ። ይህ ጠባይ በአንዳንድ መስመሮች ከአባት ወደ ልጅ ሲሄድ ስለሚታይ በሥልጠና ይታረማል ብሎ መግዛት ጥበብ አይደለም።

«ለድብ የሚሆነው የማይፈራ ውሻ ነው»

ይህን ስናነብ አዝነናል፤ ውሾች የሚሞቱት በዚህ እምነት ነውና። ድብ ከውሻ መንጋ ጋር መሬት ላይ ሲጋጠም ኃይሉ ከማንም ውሻ በላይ ነው፤ አንዴ በመዳፉ ቢመታ የጎድን አጥንት ይሰብራል። የሚፈለገው ውሻ ሁለትና ሦስት ሜትር ርቆ በፊቱ የሚጮህ፣ ድቡ ወደ ሌላው ሲዞር ከኋላ ገብቶ ነክሶ የሚወጣ፣ ሲዞርበት የሚያፈገፍግ፣ ድቡ ሲሄድ ተከትሎ እንደገና የሚከበው ነው። ዓላማው ድቡ መሄድ ሰልችቶት ዛፍ እንዲወጣ ወይም አንድ ቦታ እንዲቆም ማድረግ ነው። ገብቶ የሚይዝ ውሻ ይህንን አይሠራም፤ ድቡን ያስቆጣል፣ ራሱ ይቆስላል፣ የአደኑ ወቅት ሳያልቅ መንጋው በሁለት ይጎድላል። ድቡ ሲዞር ወደ መኪናው የሚመለሰው ፈሪም አይጠቅምም። የሚመረጠው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ሲያዳቅሉም ሁለት ገብቶ ያዦችን ማገናኘት የቡችሎቹን ዕድሜ ማሳጠር ነው።

ይህ ጠባይ ከወላጆች እንዴት ይነበባል? ባለቤቱን ባለፈው ወቅት ውሻው በቁስል ምክንያት ስንት ቀን ቤት እንደዋለ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ቁስሉ በመርፌ የሚሰፋለት ውሻ ጀግና ሳይሆን አያያዝ የማያውቅ ነው። ድቡ ቆሞ በተከበበበት ጊዜ የጂፒኤሱን ምልክት ተመልከቱ፤ ጥሩው ውሻ ከመሐሉ ጥቂት ሜትር እየራቀና እየቀረበ ይዞራል፣ አንድ ሰዓት ቢሆን እንኳ ቦታውን አይለቅም።

ለሚቆስሉትም አንድ ማሳሰቢያ፦ የጥርስ ቀዳዳ ከውጭ ትንሽ፣ ከውስጥ ሰፊ ነው። በንጹሕ የጨው ውኃ ማጠብና ሳይደፍኑ ወደ ሐኪም መውሰድ እንጂ ሜዳ ላይ ሰፍቶ መዝጋት መግል ያቆራል። ደረቱ ላይ አየር የሚያስገባ ቁስል ካለ በንጹሕ ነገር ሸፍኖ ወዲያው መንዳት ነው።

«አባትን ከልጁ ማዳቀል ችሎታን ያጸናል»

ጸሐፊው የቅርብ ዘመድ ማዳቀልን «አቋራጭ መንገድ» ይሉታል። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ ባያስፈልገውም ቁጥሮቹን እናስቀምጥ። አባትን ከሴት ልጁ፣ ወይም ወንድምን ከሙሉ እኅቱ ማዳቀል በቡችላው ላይ 25 በመቶ የቅርበት መጠን ያመጣል። በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እኅት፣ ወይም አያትና የልጅ ልጅ 12.5 በመቶ። የወንድማማች ልጆች 6.25 በመቶ። ይህ ማለት ከቡችላው ዘረ መል ያን ያህሉ ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ቅጂ ሆኖ የመምጣት ዕድል አለው። ጥሩው ቅጂ ሲጸና ተሸሽጎ የነበረው ክፉም አብሮ ይጸናል። የአደን ችሎታ በአንድ ዘረ መል የሚወሰን ቢሆን ኖሮ አቋራጩ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን አፍንጫ፣ ጽናት፣ ልብና ድምፅ እያንዳንዳቸው የብዙ ዘረ መሎች ውጤት ናቸው። መጀመሪያ የሚታየው ጉዳት ሜዳ ላይ አይደለም፤ የሚወለዱት ቡችሎች ቁጥር ያንሳል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞቱት ይበዛሉ፣ የወንዱ የዘር ፈሳሽ ይደክማል፣ በሽታ የመቋቋም ኃይል ይቀንሳል። ከሦስትና አራት ትውልድ በኋላ አርቢው «መስመሩ ለምን ከሰመ?» ብሎ ይጠይቃል።

መስመርን መጠበቅ ግን ይቻላል። የቅርበቱን መጠን ከ6 በመቶ ብዙ ሳያርቁ፣ በሁለትና ሦስት ትውልድ አንዴ ሥራው የተመሰከረለት ባዕድ ደም ማስገባት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሁለት የተለያዩ መስመሮች ወይም ዘሮች ሲገናኙ የመጀመሪያው ትውልድ ብርቱና ተመሳሳይ ሆኖ ይወጣል፤ አርቢው ተደስቶ ወንድማማቾቹን እርስ በርስ ያዳቅላል፤ በሁለተኛው ትውልድ ሁሉም ይበታተናል፣ አንዱ አያቱን ይመስላል፣ ሌላው ማንንም አይመስልም። የመጀመሪያውን ትውልድ ለሥራ ተጠቀሙበት፤ ለማዳቀል ግን ወደ ዋናው መስመር መልሱት።

ከማዳቀል በፊት ምርመራ አለ፤ ጽሑፉ በአንድ ቃል እንኳ አላነሣውም። የዳሌ መገጣጠሚያ የመጨረሻ ምዘና በአሜሪካው የአጥንት ጤና መዝገብ ከ24 ወር ጀምሮ ይሰጣል። ብሩሴላ ካኒስ የሚባለው ባክቴሪያ በእርግዝና መጨረሻ አካባቢ ያስወርዳል፣ ወንዱን ያመክናል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ ከእያንዳንዱ መገናኘት በፊት ሁለቱም በደም ይመርመሩ።

የጊዜ ጉዳይም ከባድ ነው። የድብ ውሻ ማንነቱ የሚታወቀው በሦስትና አራት ዓመቱ ነው፤ በዚያው ዕድሜ ደግሞ ይሞታል ወይም ይሰናከላል። ስለዚህ የወንዱን የዘር ፈሳሽ በወጣትነቱ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ ማስቀመጥ ከማንኛውም የዝነኛ ስም ይበልጣል። ሲጠቀሙበት የሴቷ ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን በደም እየተለካ ይጠበቃል፤ በሚሊ ሊትር 5 ናኖግራም አካባቢ ሲደርስ እንቁላሉ ይወጣል። የውሻ እንቁላል ከወጣ በኋላ ለመብሰል ሁለት ቀን ያህል ስለሚፈልግና ቀዝቅዞ የቆየ ዘር ከሟሟ በኋላ ብዙ ስለማይኖር በሐኪም እጅ ወደ ማሕፀን የሚገባው ከዚያ ሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ነው። ቀኑን በግምት ያደረገ ሰው ሊመለስ የማይችል ዘር ያባክናል።

ስለ ቡችላ፣ ስለ ዕድሜና ስለ ብዛት

ጽሑፉ በስምንት ሳምንቱ የድብ ቆዳ ጎትቶ የጮኸበትን ቡችላ መምረጥ፣ በስድስት ወሩ ከአሥር ውሾች ጋር መልቀቅ ይላል። ቡችላ የሚጎተት ነገር ሁሉ ያባርራል፤ የሚሠራው በዓይኑ ነው እንጂ በአፍንጫው አይደለም። በዚያ ዕድሜ የሚታየው መንጋጋው መግጠሙ፣ እግሩ፣ የወንዱ ሁለቱም ፍሬ መውረዳቸው፣ እንግዳ ቦታ ሲገባ መጀመሪያ ደንግጦ ቶሎ መረጋጋቱ ነው። የቀረው የወላጆቹ ጉዳይ ነው። እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ገዢ ከ18 ወር በላይ የሆነ፣ ሥራ የጀመረ ውሻ በሁለት ሳምንት ሙከራ ይውሰድ።

የዚህ መጠን ውሻ የአጥንት ማደጊያ ጫፎች የሚዘጉት እስከ 12–14 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ በስድስት ወር ሃያ ኪሎ ሜትር ማስሮጥ ክርኑንና ጉልበቱን ያበላሻል። በድብ የተመታ ወጣት ውሻም ልቡ አይመለስም። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት የበሰሉ ውሾች ጋር፣ አጋዘን ከማያባርሩ ጋር ብቻ፣ በአጭር ፈለግ ይጀመር።

ስለ ብዛት፦ አሥር ውሻ ድብ ሲከብ ከፊት ያለው ለማፈግፈግ ቦታ ያጣል፤ ከኋላው ሌሎቹ ይዘጉበታል። የሚመታው እሱ ነው። ዊስኮንሲን ለድብ አደን በአንድ መንጋ ከስድስት ውሻ በላይ አትፈቅድም፤ ቁጥሩ ከሕግም ውጭ ምክንያታዊ ነው።

ሕጉ

ጸሐፊው «በምዕራብ ግዛቶች በውሻ ማደን የተለመደ ነው» ማለታቸው ዴንቨርና ሲያትል ያሉ ብዙ አንባቢዎቻችንን ወደ ቅጣት ሊወስድ ይችላል። ኮሎራዶ ድብን በውሻ ማደን በ1992 በሕዝብ ድምፅ ከልክላለች፤ ፑማን በውሻ ማደን ግን እንደ ተፈቀደ ነው፣ በ2024 ለመከልከል የቀረበው ድምፅ አላለፈም። ኦሪገን በ1994 ድብንና ፑማን፣ ዋሽንግተን በ1996 ድብን፣ ፑማንና ቦብካትን (ከፑማ የሚያንስ የዱር ድመት) ለተራ አዳኝ በውሻ ማደን ከልክለዋል። ካሊፎርኒያ በ2012 በወጣ ሕግ ለድብና ለቦብካት ዘግታለች። ሞንታና በተቃራኒው በ2021 ጥቁር ድብን በውሻ ማደን ፈቅዳለች። ውሻ ከመምረጥ በፊት የሚኖሩበትን ግዛት የዘንድሮ ደንብ ማንበብ ይቀድማል፤ ለአደን የማይፈቀድ አውሬ ላይ የተመረጠ መስመር የትም አይወስድም።

«እነዚህን ውሾች ወደ ባሌ ማስገባት»

የጽሑፉ የመጨረሻ አንቀጽ የክትባት ወረቀት ያላቸው የአሜሪካ ውሾች ለደጋ አጋዘንና ለነብር አደን ወደ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች እንዲገቡ ይመክራል። እስካሁን ያልነውን ሁሉ ትተን ይህንን ብቻ ለመመለስ ስንል እንኳ በጻፍን ነበር።

በሥራ በኩል እንጀምር። ለብዙ ትውልድ ዛፍ የሚወጣ አውሬ እንዲያባርር የተመረጠ ውሻ ለደጋ አጋዘን ምን ይሠራል? በአሜሪካ አጋዘን ማባረር ጥሩ አርቢ ከመስመሩ ነቅሎ የሚያወጣው ነውር ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ አደን የሚፈቀደው በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ፣ በተከለሉ የአደን ቀጣናዎች፣ በኮታ ነው፤ ውሻ ይዞ መግባትን እንደ ቀላል ነገር መምከር ኃላፊነት ይጎድለዋል።

ዋናው ግን ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ አብዛኛዎቹ ባሌ ተራሮች ላይ ይገኛሉ። ለመጥፋት ከሚያቀርቧቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚመጣ በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በ1991፣ በ2003፣ በ2008ና በ2014 ባሌ ውስጥ ገብቶ በየጊዜው ብዙ ቤተሰቦችን ጨርሷል፤ በ2003 በባሌው ዌብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኛዎቹ አልቀዋል። በ2006፣ በ2010ና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው የውሻ ቫይረስ በሽታ ገድሏቸዋል። ከውሻ ጋር መዳቀላቸውም በዚያው ሸለቆ ተረጋግጧል።

ክትባቱ ይህን አይመልስም። የተከተበ ውሻ ራሱ ባይታመምም በፈለግ ላይ ሆኖ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ያልተከተቡ የመንደር ውሾች መካከል ይገባል፣ ያስከትላቸዋል፣ ጉድጓድ ውስጥ ቡችሎች ያሏቸውን ቀበሮዎች ይበትናል። ያልተኮላሸ ወንድ ውሻ ከሆነ ደግሞ መዳቀሉ አለ። ከዚያም በላይ ዎከር ለትውልዶች የተመረጠው ከቀበሮ አሳዳጅ ውሾች ነው። ጸሐፊው ዘር ከልጓም ይስባል ብለው ከጀመሩ፣ በቀበሮ ፈለግ ላይ ተወልዶ ያደገ ደም በባሌው ሳነቴ ሜዳ ላይ ሲለቀቅ የማንን ፈለግ እንደሚያነሣ ከማንም በላይ ሊያውቁት ይገባል። ይህ አንቀጽ ከጽሑፉ እንዲወጣ በአክብሮት እንጠይቃቸዋለን።